የጋለ ጎማ በቀዝቃዛ ውሃ ለሚቀበለው የምርመራ ጣቢያ ኃላፊ

ማክሰኞ፣ የወሩ አሥራ አንደኛ ቀን

ይድረስ ለተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዲበዛ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ በጣቢያው ዋና በር ላይ ያለው የውሃ ቱቦም ሳይቀደድ ዘመኑን እንዲጨርስ ከልብ እመኛለሁ። ስለ ቱቦው በኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናዘዝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ዳቦ ልገዛ ሄጄ እንኳ ሻጩ ስንት እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ በጣቴ ነው የማሳየው። ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ከዚያ ወዲህ አባቴ ጋራዥ ውስጥ ቡሎን ሳጠብቅ ነው የምውለው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢሰነካከል ይለፉኝ።

የምጽፍልዎ ባለፈው ሳምንት ለአባቴ ስለላኩለት ደብዳቤ ነው። በጋራዣችን የፍሬን ሥራ የተሠራላቸው ሦስት መኪኖች፣ ፍሬን ሲያዝ መሪያቸው እንደሚንቀጠቀጥ ገልጾ፣ እስከ ሐሙስ አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ የአባቴ የሥራ ፈቃድ እንደሚነጠቅ በትሕትና ያስታውቃል። ማኅተሙ በጣም ያምራል። አባቴ ግን ካነበበው ጀምሮ ቡሎን ሲያጠብቅ ማፏጨቱን ትቷል። እኔ ደግሞ ከተወለድኩ ጀምሮ ያለ ፉጨት የጠበቀ ቡሎን አላውቅም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ምርመራዎ ጥልቀት አመሰግናለሁ። በግቢዎ ውስጥ ከእግረኛ ፍጥነት በላይ መንዳት ክልክል ነው። መርማሪዎችዎም ሕግ አክባሪዎች ስለሆኑ ፍሬን የሚፈትኑት መኪናዋ እንደ ኤሊ እየተጎተተች ነው። እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ ደግሞ የሚሰማው በፍጥነት እየሄዱ ፍሬን ሲረግጡ ነው። በዚህ ዓይነት ሦስቱም መኪኖች ጉድለት የለባቸውም ተብለው ወጡ፤ ዋናው መንገድ ላይ ፍሬን እንደያዙ ግን መሪው የሾፌሮቹን እጅ ያርገበግበው ጀመር።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅጽዎ አመሰግናለሁ። የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከአንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው የምትሮጠው በገዛ መኪናዋ ነው። መኪናዋ ከምርመራ በኋላ መንቀጥቀጥ እንደጀመረች በቅን ልቧ በቅጽዎ ላይ ሞላች። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ በሚጠይቀው ዓምድ ሥር ያሉት ምርጫዎች ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሾፌሩ ወይም ጋራዡ። ሾፌሯ ራሷ ናት። "ራሴን ከምከስ ብዬ እኮ ነው፣ ወንድሜ" እያለች እስከ ዛሬ አባቴን ይቅርታ ትጠይቃለች፤ አባቴም "ተይው፣ እኔም ብሆን አንቺን ነበር የምመርጠው" ይላታል።

ሦስተኛ ልል የነበረው ስለ መጠበቂያ ወንበሮቹ ነበር። ወረቀቱ ግን ዋናውን ሳልናገር እንዳያልቅብኝ ልተወው።

የአክስቴ መኪና ስትመለስ አባቴ ሁሉንም በየተራ ፈተሸ። የፊቶቹን ጎማዎች ከኋላዎቹ ጋር አቀያየረ፤ መንቀጥቀጡ አልሄደም። ቡሎኖቹን ፈትቶ በመስቀልኛ፣ ሁሉንም እኩል አጠበቀ፤ ያው ነው። ዲስኩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውና ፍሬኑ የሚጨብጠው የብረት ሳህን፣ የሚያርፍበትን ገጽ ከዝገት አጸዳ፤ አሁንም ያው። በመጨረሻ፣ ሰዓት የምትመስለውን መለኪያ ዲስኩ ላይ አስደግፎ፣ እኔ በእጄ ቀስ አድርጌ ሳዞር፣ መርፌዋ ወዲያና ወዲህ ዘለለች። ዲስኩ ተጣሞ ነበር። አዲስ ከተገጠመ ገና ሳምንት ያልሞላው ዲስክ። በዚያው ሰሞን የሌሎቹ ሁለት ደንበኞቻችን፣ የጋጋሪውና የመምህሩ፣ መኪኖችም እንዲሁ ሆነው መጡ። አባቴ መለኪያውን አስቀምጦ እጆቹን ሲያያቸው ቆየና "ዝምታዬ፣ እጄ ከድቶኛል መሰለኝ" አለኝ። ዝምታዬ የሚለኝ እኔን ነው።

የአክስቴ መኪና ሌላ አዲስ ዲስኮች ተገጥመውላት፣ መሪዋ ዝም ማለቱን ሞክረን ካየን በኋላ፣ ለድጋሚ ምርመራ ስትሄድ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አብሬ ሄድኩ። ወደ ጣቢያዎ የሚወስደው ቁልቁለት ረጅም ነው። አክስቴ ከላይ እስከ ታች እግሯን ከፍሬኑ አላነሳችም፤ ነፍሱን የሚወድ ማንም አያነሳም። በሩ ጋ ስንደርስ ዲስኮቹ እንደ ካውያ ግለው ነበር። በሩ ላይ ደግሞ ጎማው ያልታጠበ መኪና እንደማይገባ የሚያዝ፣ ፊርማዎ ያረፈበት ማስታወቂያ አለ። ሾፌሮች "ዶፉ" የሚሏቸው የበሩ ዘበኛ ቱቧቸውን ይዘው ብቅ አሉ። አክስቴ "አባባ፣ እቤት አጥቤው ነው የመጣሁት" አለቻቸው። እሳቸውም "ይሁን ልጄ፣ እኔ ግን ሲታጠብ አላየሁም" ብለው ቀዝቃዛውን ውሃ በአራቱም ጎማዎች ላይ ለቀቁት። ጭስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከፊት ጎማዎቹ ነጭ እንፋሎት ተነሣ። ዶፉ በእንፋሎቱ መሐል ፈገግ ብለው "አየሽ ቆሻሻው እንዴት እንደሚለቅ" አሏት።

ክቡር ሆይ፣ የጋለ ብረት ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት እንደሚጣመም ለማወቅ ስምንተኛ ክፍል ይበቃል። ቤት ገብተን ለካን፤ መርፌዋ ዘለለች።

አባቴ ግን አንድ ጊዜ በታየ ነገር አይምልም። ቅዳሜ ዕለት ሌሎች ዲስኮች ገጥመን በዚያው ቁልቁለት ወረድን። የዚህን ጊዜ ግን ግርጌው ላይ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት ቆምን። ጎማው ከበረደ በኋላ ዶፉ እንደ ልማዳቸው እስኪበቃቸው አጠቡን። ስንመለስ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። አባቴ ቡሎኖቹን መልሶ ሲያጠብቅ ማፏጨት ጀምሮ ነበር፤ ዜማው ግማሽ ላይ ሲደርስ ሐሙስ ትዝ አለውና ተወው።

ትናንት ይህንን ሊያስረዳዎ መጥቶ ነበር። ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና ያንኑ ቅጽ ሰጠችው፤ ሾፌሩ ወይም ጋራዡ። ባዶውን ይዞት ተመለሰ። አሁን ከመሣሪያ ሳጥናችን በላይ ተሰቅሏል፤ እኔም እሱን እያየሁ ነው ይህን የጻፍኩት።

የምለምንዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው። የአባቴ ፈቃድ ይተውለት። በቅጹም ላይ ለሦስተኛ ምርጫ የምትሆን ትንሽ ቦታ ይፈልጉ፤ ቱቦው ሊጻፍባት ይችላል።

የግቢዎን ንጽሕና እንደ ቁልቁለቱ በረዘመ አክብሮት የማከብር፣ ማኅተምዎን የማደንቅ፣ በማስታወቂያዎ ሥር የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ስለምለጥፍ አስቀድሜ ይቅርታ የምጠይቅ፣

ቡሎን አጥባቂዋ የጋራዡ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የእርስዎ መኪና በኋላ በር፣ ሳትታጠብ እንደምትገባ አይቻለሁ። ጎማዋ በጭቃ የተለወሰ ነው፤ ሾፌርዎ ግን ቁልቁለቱን ፍሬን እየረገጠ ሲወርድ መሪውን በአንድ ጣቱ ነው የሚይዘው። ለአባቴ ይህን የመሰለ ምስክር ስላቆሙለት እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መለኪያውን ይዤ ዋናው በር ላይ እቆማለሁ። ለዶፉ የምነግራቸውን ከአሁኑ ቡሎን እያጠበቅኩ፣ ድምፄን አውጥቼ እየተለማመድኩት ነው። አጭር ነው፦ "አባባ፣ መጀመሪያ ይብረድ።"