ሦስቱ የቡና ፍሬዎች

ውድ ሲስተር ልያ፣

ይህን ደብዳቤ ወዴት እንደምልከው አላውቅም። ጤና ጣቢያውን የምታጸዳው መድና «ወደ ጅማ ወሰዷት» ትላለች። ሌሎች ከጅማም አሳልፈዋታል ይላሉ። አራተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ጽሑፌ ጥሩ አይደለም። በአፍ ግን ከዚህም የባስኩ መሆኔን እርስዎ ያውቃሉ።

ወንድሜን ቲጃኒን መጀመሪያ ያመጣነውን ቀን ያስታውሳሉ? ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፣ የሚቀመጠው ግን በትራስ ተደግፎ ነበር። እናቴ «ሰነፍ ነው፣ እንደ አባቱ» ስትልዎ ሳቁና «ሰነፍ አይደለም፣ የሚያጫውተው ሰው አጥቶ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ባዶ የወተት ጣሳና አምስት ቆርኪ ሰጡኝ።

«እየከተትሽ አሳዪው። እያወጣሽ አሳዪው። ራሱ ከትቶ ራሱ ያወጣ ዕለት ጭንቅላቱ ሥራ ጀመረ ማለት ነው። መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።»

ሦስት ወር አጫወትኩት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከተተ። አወጣ። መልሶ ከተተ። እየሮጥኩ መጣሁና ሰው ስላየሁ በሩ ላይ ቃል ጠፋኝ። እርስዎ ፊቴን አይተው «ከተተ?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። «አወጣስ?» አሁንም ነቀነቅሁ። «በሉ ተነሡላት፣ ሐኪሟ መጣች» አሏቸው ወረፋ የያዙትን። እስከ ዛሬ ሰው እንደዚያ ብሎልኝ አያውቅም።

ኅዳር ላይ ወባ ያዘው። ሽሮፑን ከቤት ይዘን በመጣነው ጥቁር ጠርሙስ ቀዱልን። እናቴ ፊደል አታውቅም፤ የቡና ለቀማ ጊዜ ስለነበር ደግሞ ሳይነጋ ወደ መንግሥት እርሻ ትሄዳለች። ስለዚህ መላ አበጁልን። ሁለት ሲኒ፣ ሦስት የቡና ፍሬ። ፍሬዎቹ ነጩ ሲኒ ውስጥ ይቀመጣሉ። ጠዋት መድኃኒቱን የሰጠች አንዷን ፍሬ ወደ አበባማው ሲኒ ታዛውራለች። ሌላዋ ያንን አይታ መሰጠቱን ታውቃለች።

«ቶሌ፣ እሺ» አለች እናቴ። «ቡና መቁጠርማ ማን ይችለናል።»

እርስዎ ግን አልሳቁም፤ እናቴን በስሟ ጠሯት። «ዙቤይዳ፣ ይሄ መድኃኒት ሲበዛ ልጅ ይገድላል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ። ከተጠራጠራችሁ አትስጡ፣ መጥታችሁ ጠይቁኝ። ሲኒዎቹንም ከእሱ እጅ አርቋቸው።»

በማግስቱ ስነቃ እናቴ ሄዳለች። ቲጃኒ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ትኩሳቱ ትንሽ በርዶለት ነበር። ሁለቱም ሲኒዎች ፊት ለፊቱ ነበሩ። አንድ ፍሬ ይዞ ነጩ ሲኒ ውስጥ ከተተና ቀና ብሎ አይቶኝ ሳቀ። ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ። ሦስቱም ነጩ ውስጥ ናቸው።

እናቴ ሰጥታው እሱ ይሆን የመለሳት? ወይስ ሳትሰጠው ሄዳ? አዝዬው ወደ እርስዎ መጣሁ። ሊጠይቅዎ የመጣ እግር ነበረኝ፣ አፍ ግን አልነበረኝም። ወረፋው ላይ ሚሊሻዎች ተቀምጠዋል። አንዱ «ይቺ ልጅ ምላሷን ለማን አበደረችው?» አለና ተሳሳቁ። እርስዎ የሰው ቁስል እየሰፉ ነበር። ቀና ብለው «ዘይቡዬ፣ ደህና ነው? ምን ፈለግሽ?» አሉኝ።

«ምንም» አልኩ።

ቤት ተመልሼ ፍሬዎቹን ደግሜ ቆጠርኩ። ሦስት። መድኃኒቱን ሰጠሁት። መራራ ስለሆነ አለቀሰ፣ አባብዬ አስዋጥኩት። ቀትር ሳይሆን ትንፋሹ ተቆራረጠ። ጎረቤት ተሰብስቦ ይዞት ወደ እርስዎ ሲሮጥ ቲጃኒ በመንገድ ላይ አለፈ።

እናቴ ከእርሻው መጥታ ደረቷን እየመታች «ሲነጋጋ በእጄ ሰጥቼው ደህና ነበር እኮ» አለች። ሴቶቹ ሁሉ ሰሙ። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቀበሌው በሰበሰበን ቀን ሊቀመንበሩ ገበየሁ «ጴንጤ ናት፣ ጸሎቷ ሥራዋን አስረስቷት መርዝ ቀድታ ሰጠች» ሲሉ እርስዎ አልተከራከሩም። ወደ እኔ ብቻ ዞሩ።

«ዘይቡዬ፣ የዚያን ቀን ጠዋት ምን ልትጠይቂኝ ነበር የመጣሽው?»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። እናቴም አየችኝ።

«ምንም» አልኩ።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ያኔ የገባዎ ይመስለኛል። ገብቶዎትም ደግመው አልጠየቁኝም። በማግስቱ መኪና መጥቶ ወሰደዎት።

ሲስተር፣ ብናገር እርስዎ ነፃ ይወጣሉ። እናቴ ግን ያኔ ሲኒዎቹን በጨለማ መሬት ላይ ትታ የሄደችው እሷ መሆኗን ታውቃለች። ከሁለቱ መጠን አንዱን የሰጠው የእሷ እጅ፣ ሌላውን የሰጠው የእኔ እጅ መሆኑንም ታውቃለች። ልጇን ቀብራለች። ይህን ጨምሬባት በሕይወት የምትቆይ አይመስለኝም። ዝም ባልኩ ቁጥር ደግሞ እርስዎ ያሉበት በር ላይ ቁልፉን የማዞረው እኔ ነኝ። ሁለታችሁንም የማድንበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ። የወተት ጣሳው አሁንም አልጋ ሥር ነው፤ ማንም አይነካውም።

ዛሬም እናቴ የአስር ሶላት ሰገደችና እንደ ልማዷ እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። «ያ ረቢ፣ ልጄን የገደለውን እጅ አድርቅልኝ።» እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ እንዳጠፍኩ ቀረሁ።

ዞራ አየችኝ። «አሚን በይ እንጂ፣ ልጄ።»

አሚን አልኩ። እጄ ግን አልደረቀም፣ ይኸው ይጽፍልዎታል።

የቲጃኒ እህት፣
ዘይቡ
የካቲት 1975