ይሁኔ፣ ሳሙናውን አገኘነው

ለባለቤቴ ለይሁኔ፤

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሞላ። መንፈቅህን ባለፈው ወር አውጥተናል፤ ካህናቱ መርቀው ሄዱ፣ እድርተኛውም አመሰገነ። ቤቱ ደህና ነው። የጓሮውን አጥር ክረምቱ ጥሎት ልጃችን ሙሉጌታ መልሶ አሠርቶታል። ጃኬትህን ለአጎትህ ልጅ ሰጠሁት፤ ሰፍቶታል፣ እሱ ግን ልኬ ነው ብሎ ይለብሰዋል።

ይህን የምጽፍልህ ስለ ቮልሷ ነው።

ሙሉጌታ ከባሕር ዳር ሲመጣ የአባቴን መኪና ሳላስነሳ አልሄድም አለ። አንተ ከተኛህ ጀምሮ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር እንደቆመች ናት። መካኒኩን ጌትነትን ጠራው። ጌትነት የፊቱን ኮፈን ከፍቶ፣ ቤንዚን የሚጠራቀምበትን ሰልባትዮ አውርዶ ሲገለብጠው፣ ከታች ስንጥቁ ውስጥ ሳሙና ተጠቅጥቆበታል። የልብስ ሳሙና፣ ያውም ከሳፋዬ አጠገብ እየጠፋ ሲያናድደኝ የኖረው። መጀመሪያ ሳቅሁ። ያልደፈንከው ነገር አልነበረማ፤ ቱቦውን በጎማ ቁራጭ፣ የበሩን ቀዳዳ በማስቲካ።

ጌትነት ግን አልሳቀም። ሳሙናን ቤንዚን አያሟሟውም፣ ሹፌሩ ሁሉ ለመንገድ ያህል የሚደፍንበት ለዚህ ነው አለኝ፤ ውሃ ካገኘው ግን አለቀለት። በእኛ በደብረ ማርቆስ ብርድ ደግሞ ግማሹ ባዶ የሆነ ሰልባትዮ ከውስጥ ያልበዋል፣ ላቡም ከታች ይጠራቀማል። ከዚያ የሟሟው ሳሙና በቱቦው ይወርድና ካርቡሬተሩን ይዘጋዋል። ቱቦውን ሰንጥቆ አሳየኝ፤ ውስጡ ነጭ ዝልግልግ ነገር ተጋግሮበታል።

ያን ጊዜ ከቢቸና ወዲያ የቆምንበት ቀን መጣብኝ።

አራት ዓመት ሆነው። እናቴ ማረፏን ከጉንደ ወይን በጠዋት ደውለው ነገሩኝ። በአውቶቡስ እንሂድ ብልህ፣ ቮልሷ እያለች አልክ። ቢቸናን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ሞተሯ ተንተፋተፈና ጠፋ። አንድ ሚኒባስ ቆሞ ለአንድ ሰው ቦታ አለን ሲለን፣ ትነሳለች፣ ተቀመጪ አልከኝ። እኔም ተቀመጥኩ። አንተ ቱቦውን ፈተህ በአፍህ ትነፋለህ፣ ትተፋለህ፣ ማጣሪያዋን ከመንገዱ ሥር ባለው ምንጭ ታጥባለህ። ትነሳለች፣ ጥቂት ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ወገኖቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀውኝ ኖሯል። እኛ ስንደርስ ሰዉ ከቀብር ተመልሶ እጁን ይታጠብ ነበር። እናቴን ሳልሰናበታት ቀረሁ።

ጥፋቱን በየሻረግ ላይ ጣልከው። ማደያው ቤንዚን ሲያጣ በጀሪካን የምትሸጥልን ጎረቤታችን የሻረግ፣ ውሃ ቀላቅላብናለች አልክ። አመንኩህ። አራት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሳኋት። እድር ላይ ከአጠገቧ ተነስቼ ቦታ ቀይሬያለሁ። ሰው ቤንዚኗን እንዳይገዛ በየቤቱ እየዞርኩ ያወራሁትም እኔ ነኝ፤ ደንበኞቿ ተመናምነው ንግዱን ስትተው ደስ ብሎኛል። አንተ ይህን ሁሉ እየሰማህ እራትህን ትበላ ነበር።

ክፉ ሰው ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ዓባይ በረሃ ሙቀቱ ቤንዚኑን ቱቦው ውስጥ ሲያፈላው፣ ነጠላዬን አርጥበህ ፓምፑ ላይ ጣል ታደርግና፣ እስኪበርድ ድረስ ለመንገደኛው ሁሉ ብርቱካን ታድል ነበር። ነጠላዬ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሴቶቹ ይስቁብኝ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ያን ሰው ነው ያገባሁት።

ቅዳሜ ዕለት የሻረግ ቤት ሄድኩ። እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክሜ ደጇ ላይ ቆምኩ። ድንጋዩን ከትከሻዬ አውርዳ ወደ ቤት አስገባችኝ፤ ምንም አልገረማትም። ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ ሕመሙ ሳይጥልህ በፊት፣ አንተም ድንጋይ ተሸክመህ እዚያው ደጅ ቆመህ ነበር አለችኝ። ከቢቸና ወዲያ በቆምንበት ቀን የቮልሷን ማጣሪያ ስታጥብ እጅህ ላይ አረፋ እንዳወጣብህ፣ ጥፋቱ የሳሙናህ እንደሆነ እዚያው እንደገባህ ነግረሃታል። ይቅር ብላሃለች። ለእኔ እንዳትነግረኝም በማርያም አስምለሃታል። እሷም ስሟን እያጠፋሁ እንኳ መሐላዋን ጠብቃ ዝም አለችኝ።

ለንስሐ አባትህም ሳትነግራቸው አልቀረህም። ለእኔ ብቻ ነው ያልነገርከኝ። ፈራኸኝ? ከፈራኸኝስ እንዴት አርባ ዓመት አብረን ኖርን? እናቴን ያጣኋት እኔ ነኝ፤ ጎረቤቴን ያሳደድኳት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በተኛህበት ሰሞን ሁሉ ትኩሳትህን እየለካሁ፣ ጀርባህን እያሸሁ አጠገብህ ነበርኩ።

ሙሉጌታ ለቮልሷ ሌላ ሰልባትዮ አስገጥሞ ይወስዳታል። ይውሰዳት። ሙት ዓመትህ ሲደርስ ድንኳን አስተክላለሁ፣ የሻረግንም ከጎኔ አስቀምጣታለሁ። ሰዉ ነፍስ ይማር ሲል ከልቤ አሜን እላለሁ። እስካለሁ ድረስ አልረሳህም፤ ደጉንም፣ ይህንንም። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ግን አልጽፍልህም። የሻረግ ይቅር ያለችህ ለምነሃት ነው። እኔን አልለመንከኝም።

ባለቤትህ አስናቀች