በትክል ድንጋዩ ማዶ

ዓርብ

አልሄድም አለ! ከሚዛን አማን በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር፣ ከዚያ ጭቃ ለጭቃ በእግሬ የመጣሁት አባዬን ይዤው ልመለስ ነበር። የዓይን ሞራ ግራውን ጨርሶ ቀኙን ጀምሮታል። ሐኪሙ ሰኞ አምጪው ብሎኛል፤ ወረፋው ካለፈን ቀጣዩ መቼ እንደሆነ ማን ያውቃል። አባዬ ግን፣ «ድንጋዩን ማን ሰላም ይለዋል?» ይለኛል። ድንጋዩን! በንዴት የቀረበልኝን ጎደሬ ገፋሁት።

ቅዳሜ

ጠዋት ተከተልኩት። ትክል ድንጋዩ ከቡናችን ዳር እንደቆመ ነው። ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ የጥንት ሰዎች አቆሙት ከመባል በቀር የሚያውቅ የለም። ልጅ ሳለሁ ተደግፌው ኮረሪማ እመጥ ነበር።

አባዬ በዳበሳ ደርሶ መዳፉን አሳረፈበት። «እንዴት አደርክ? እኔ ደህና ነኝ። ልጄ መጥታለች።» ከዚያ ጆሮውን ወደ ድንጋዩ አዘነበለ። አእምሮውም እየሄደ መሰለኝ።

ከድንጋዩ ማዶ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ ደምሴ! ከአባዬ ጋር በወሰን ተጣልተው ስንት ዘመን የተኳረፉት ጎረቤታችን። «ደህና ነኝ። ጉልበቴ ነው ያስቸገረኝ» አሉ፣ ለድንጋዩ። አባዬ ራሱን ነቀነቀና ወደ ቤት መንገድ ጀመረ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ደምሴ ቤት ሄድኩ። ቀፎ ይጠግናሉ።

«እንዳንነጋገር ምለናል፣ ልጄ። ለድንጋዩ ግን አልማልንም።»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ለካ አባዬ የሚያስበው ለድንጋዩ አይደለም።

«እንግዲያው ሂድ ይበሉት» አልኳቸው።

«ታከም እያልኩ ስንት ጊዜ ተናገርኩ! ይሄኔ ድንጋዩ እንኳ ሰምቶኛል፤ አባትሽ ግን!»

ማታም አባዬ ልብሱን አላዘጋጀም። ብቻዬን ልመለስ ነው? ፈራሁ።

ሰኞ፣ ሐኪም ቤት

መጣ! ጠዋት አባዬ ድንጋዩ ጋ ደርሶ ገና ሰላምታውን ሳይጀምር ጋሽ ደምሴ በዱላቸው እየተደገፉ ድንጋዩን ዞረው ወደኛ በኩል መጡ። እጁን ያዙት።

«ወልዴ፣ ሂድ! የመሐላውን ንስሐ እኔ እገባለሁ።»

አባዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አልቀረሁም።

ሚዛን ስንገባ አባዬ፣ «ደምሴ ሸብቷል እንዴ?» አለኝ።

«ሄደህ ራስህ እየው» አልኩት።

አሁን አስገብተውታል። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ በሩን እጠብቃለሁ። አምላኬ፣ ያንን ሽበት አሳየው።