በአጎቴ ድምፅ

መጋቢት 3 ቀን 2006
እኔ ኃጢአተኛዋ፣ በዚህ በዐቢይ ጾም፣ ሰው ባላየበት ሰዓት የሠራሁትን እናዘዛለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ እሳት ሊጭሩ ሲገቡ፣ ከበሩ ኋላ ሆኜ ታብሌቱን ተጫንኩ። «እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ!» ነጠላቸውን አስተካክለው ለባዶው ወንበር እጅ ነሡ። ሁለት ጊዜ! ንስሐ ልግባ? እስቲ ይታሰብበታል...

ድምፁ የአጎቴ የመሪጌታ ፊልጶስ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አንደበቴ አይታዘዘኝም። የአካል ጉዳተኞች መርጃ ፕሮጀክት ባመጣልኝ ታብሌት ላይ ሥዕል ስጫን የተቀዳው ድምፅ ይናገርልኛል። «ማን ይቅዳላት?» ሲባል እናቴ «ወንድም ጋሼ እያሉ!» አለች። ይኸው በአሥራ ስምንት ዓመቴ በጎርናና የመሪጌታ ድምፅ ውሃ እጠይቃለሁ። «ውሃ ስጡኝ»፣ «እሺ»፣ «እግዜር ይስጥልኝ»... «እምቢ»ስ? አልቀዱም። «ምስኪኗ፣ እምቢን ምን ታደርገዋለች?» ምስኪኗ ነው የሚሉኝ። ስም እንዳለኝ ሳይረሱት አልቀሩም።

መጋቢት 6
አጎቴ መጡ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ገጠር፣ ቤተ ልሔም ወደሚባለው አገራቸው፣ ቤታቸው ሊወስዱኝ ነው። ለዘለቄታው። «ከሰው ዓይን ራቅ ትበል። ጓሮው ሰፊ ነው።» ዶሮ ነኝ እንዴ?
«ትሄጃለሽ አይደል?»
ራሴን ነቀነቅኩ። ግን ራሴ መቼ ታዞኝ ያውቃል? ወደ ጎን ስለው ወደ ታች ይሄዳል። «አየሽ አስካለ፣ ደስ ብሏታል!» አሏት እናቴን።
በአንዷ ጣቴ «እምቢ» ብዬ ጽፌ ፊታቸው ደቀንኩት። ኪሳቸውን ዳበሱ። «መነጽሬን ረስቼ...»
መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነበር።

መጋቢት 8
የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ህይወት ሥራ አገኘችልኝ! መናኸሪያ፣ ትኬት መቁረጥ። እስከ ቅዳሜ ሙከራ። ኃላፊው ዳኛቸው «ከቻለች ትቀጠራለች» ብሏል። አጎቴ ሳቁ። «ትሞክር። ካልሆነላት ከእኔ ጋር ናት።»
የየአገሩን ስም ቀዱልኝ። «ደብረ ታቦር»ን እንደ ማሕሌት ጎተቱት፤ እሱ እስኪያልቅ መኪናው ደርሶ ይመለሳል። ህይወት «‹ሞልቷል›ም፣ ‹የለም›ም ያስፈልጋታል» አለች። «ኋላ» አሉ።

መጋቢት 9
ጉድ ሆንኩ። መስኮቱ በመሪጌታ ድምፅ ሲናገር አንዱ ገበሬ ቆቡን አወለቀ። ይህስ ደግ። ኋላ መኪናው ሞላ። «ቦታ አለ?» ራሴን ነቀነቅኩ። «አለ ብላለች!» ብሩን በመስኮት እየወረወሩ ተሳፈሩ። ስደናገጥ ደግሞ ጣቴ የት ያርፋል? «እግዜር ይስጥልኝ» ላይ! ሹፌሩ እየጮኸ መጣ። «ጣራ ላይ ልጫናቸው?»
ዳኛቸው አንገቱን አከከ። «በዚህ ዓይነት እንኳ...» አልጨረሰውም። እኔ ጨረስኩለት። ጓሮው ሰፊ ነው።

መጋቢት 10
እሺ። እሺ። እሺ። አፌ ውስጥ ሌላ ሰው ቤት ሠርቶ ተቀምጧል። እኔስ በየት በኩል ልውጣ?

መጋቢት 11
አዲስ ድምፅ ለመቅዳት ታብሌቱ የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል። የሚያውቁት አጎቴ ብቻ ናቸው። ለሰው አይናገሩም። ግን እሳቸው በዜማ ካላሉት ምን ይሆንላቸዋል? ዛሬ «ደብረ ታቦር»ን ይበልጥ ሊያሳምሩት ከፈቱ። «አርባዕቱ... አሐዱ... ሰብዐቱ... ክልኤቱ...» ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። እኔም፦ አራት፣ አንድ፣ ሰባት፣ ሁለት።
መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሕሊና እኩያዬ ናት። ቁጥሩን አስገብቼ፣ እንድትቀዳልኝ የምፈልገውን ጽፌ አሳየኋት።
«‹ሞልቷል፣ የሚቀጥለውን ጠብቁ።› ‹የለም።› ‹እምቢ።› በቃ? ስድብ አትፈልጊም?»
አንድ ጨመርን። አልጽፈውም፣ ጾም ነው።

መጋቢት 13
ገበያ ነው፤ ሰዉ እንደ ጉድ ተሰልፏል። «ሞልቷል፣ የሚቀጥለውን ጠብቁ!» የሕሊና ቀጭን ድምፅ። አጉረመረሙ... ጠበቁ። ጠበቁ እኮ! ዳኛቸው ሲያልፍ «ሰኞ በጊዜ ነይ» አለኝ።
ከዚያስ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አጎቴ። ደብረ ታቦር ሊሄዱ። ሰልፈኛው ሁሉ አሳለፋቸው። መኪናው ግን ጢም ብሏል።
«ምስኪኗ፣ ለእኔ አንድ ቦታ አይጠፋም መቼም።»
ሥዕሉን ተጫንኩ። «ሞልቷል፣ የሚቀጥለውን ጠብቁ።»
ማን እንደተናገረ ዙሪያውን ፈለጉ። ከዚያ ታብሌቱን አዩ። «እንዴ... ቤተ ልሔምስ?»
«እምቢ።»
አንድ ጊዜ። ድጋሚ አላስፈለገም።
መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። አሁን ፊት ለፊቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ እንደ ሰው ሁሉ መኪና ይጠብቃሉ። እያዩኝ ነው። ታብሌቱን ይቀሙኝ ይሆን? ተነሡ። እየመጡ ነው... ጎርናናው ድምፅ በመስኮቱ ገባ።
«ታንጉት! ሥራሽን ትተሽ ምን ትጽፊያለሽ? መኪናው መጣ እኮ!»