ሰይጣን በስፌት ክፍላችን ስለ መገኘቱ ለክቡር ሥራ አስኪያጁ የቀረበ ምስጋና

ለልብስ ስፌት ድርጅታችን ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ እጠይቃለሁ፤ በተለይም ባለፈው ሳምንት ወደ ስፌት ክፍላችን ብቅ ብለው ባዩት ነገር የደነገጠው ልብዎ ወደ ቦታው ተመልሶ እንደሆነ ለማወቅ ጓጉቻለሁ። እኛ ኮሌታ ሰፊዎች፣ እጅጌ ገጣጣሚዎችና ጫፍ ቀምቃሚዎች፣ እርስዎ እንደደረሱብን ከሰይጣን ጋር የምንውል ከመሆናችን በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ትእዛዝዎ የተለጠፈው እዚያው ስለሆነ ነው። ትእዛዙ እንደሚለው፣ በሥራ ሰዓት ሲነበብልን የነበረው የመናፍስት ልብ ወለድ ከሰይጣን አምልኮ ጋር ግንኙነት ስላለው ንባቡ ቆሟል፣ መጽሐፉ ተወርሷል፣ ወንበሩ ተነሥቷል፣ አንባቢዋም ሌላ ሥራ ስለሌላት በወሩ መጨረሻ ትሰናበታለች።

እርስዎ ለድርጅቱ አዲስ ስለሆኑ አንባቢዋን ላስተዋውቅዎ። እኛ እትዬ እንላታለን። አብዛኞቻችንን መቀስ አያያዝ ያስተማረችን እሷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የቁልፍ ቀዳዳ ስትሰፋ ኖራ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ሲላት፣ እኛ ድርሻዋን ተከፋፍለን እንድንሰፋላት፣ እሷ ደግሞ መሀላችን ተቀምጣ እንድታነብልን ከእርስዎ በፊት የነበሩትን ሥራ አስኪያጅ ለመንን፤ እሳቸውም ፈቀዱ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀዳዳ አልጎደለም፤ እንዲያውም ታሪኩ ሲጦፍ እጃችንም አብሮ ይጦፋል። እንግዲህ ቅሬታዬን እንደ ሥርዓቱ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ወለላችን ላይ በጠመኔ የተሰመረ ትልቅ ክብ፣ በውስጡም ትንሽ ክብ፣ በመካከላቸውም ምሥጢራዊ ቁጥሮች ማየትዎንና ይህም የሰይጣን መጥሪያ መሆኑን ወዲያው መረዳትዎን ሰምተናል። ክቡር ሆይ፣ ትልቁ ክብ የክሎሽ ጉርድ ጫፍ ነው፤ ትንሹ ክብ ወገቡ ነው። ጨርቁ ሰፊ ስለሆነና ጠረጴዛው ስለማይበቃ ልኩ ወለል ላይ ይሰመራል። ቁጥሮቹን የጻፈው ቆራጫችን ነው፤ የእሱን ጽሕፈት የወለደችው እናቱም ስለማታነበው በዚህ በኩል አልፈርድብዎትም። ነገር ግን ሁሉንም በእርጥብ ጨርቅ ስላስጠረጉት፣ ከሰዓት በኋላውን እንዳለ እንደ አዲስ ስንለካና ስናሰምር ዋልን። ደንበኛችን ወገባቸውን ሰይጣን እንደወሰደባቸው እስካሁን አልነገርናቸውም።

፪ኛ/ ጉዳዩን እንዲያጣራ ባቋቋሙት አጥኚ ቡድን ሪፖርት ላይ ራስ የሌላቸው፣ ጥቁር የለበሱና በሰልፍ የቆሙ ተብለው የተገለጹት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች ናቸው። የለበሱትም የተማሪዎች የምረቃ ካባ ነው፤ የስፌት ትእዛዙን ከደንበኛ ተቀብለው የፈረሙት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ራስ ስለሌላቸው የተሰጋውን በተመለከተ፣ በዚህ ድርጅት ያለ ራስ ሥራ ላይ መቆም በአሻንጉሊቶቹ እንዳልተጀመረ በትሕትና አስታውሳለሁ።

፫ኛ/ ወደ መጽሐፉ ልምጣ። መጽሐፉ ሞታ የተቀበረች አማት፣ ምራቷ መጋረጃ አጣማ በሰቀለች ቁጥር ከመቃብር እየተነሣች የምታቃናበት ታሪክ ነው። ሰይጣን የሚባለው አንዴ ብቅ ይላል፤ እሱም አማቲቱ ጫማህን ሳታወልቅ ምንጣፌን ረገጥክ ብላ ስትጮኽበት በመስኮት ዘሎ ያመልጣል። በዚህ ውስጥ ማን ማንን አመለከ? እጅጌ ገጣጣሚያችን ይህ በተነበበልን ቀን ሰይጣንን በስድብ አጥባ ነው ያሰጣችው፤ ቢሰማት ኖሮ ቅሬታ ይዞ ቢሮዎ የሚቆመው እኔ ሳልሆን እሱ ነበር። ስለ ክፉ ነገር መስማት ክፉውን ማምለክ ከሆነ፣ በየጠዋቱ የወንጀል ዜና በሬዲዮ የሚያዳምጠው ሾፌርዎ ስንት ባንክ እንደዘረፈ ይመርመርልን። እውነቱን ልንገርዎ? መፍራት ደስ ይለናል። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ኮሌታ ለሚሰፋ ሰው፣ ከአለቃው ሌላ የሚፈራው ነገር ማግኘት እረፍት ነው። ስንፈራ እንጮኻለን፣ ከዚያ እንስቃለን፣ ከዚያ ወደ ኮሌታችን እንመለሳለን።

፬ኛ/ የአጥኚ ቡድኑ አባላት ሆነው መጽሐፉን ለጥናት የተረከቡት የሰው ኃይል ኃላፊና የግምጃ ቤት ኃላፊ ሁኔታ ያሳስበናል። በምሳ ሰዓት ቢሮ ዘግተው ተቀምጠው፣ ምግባቸው እንደተከደነ ሲመለስ ሰንብቷል። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ክር ለማውጣት ብቻቸውን መግባት ትተው ጥበቃውን ያስቀድማሉ፤ ትናንትና አንድ ጥቅል ጨርቅ ከመደርደሪያ ወድቆ እናታቸውን ሲጣሩ እኛ ክፍል ድረስ ተሰምቷል። የሰው ኃይል ኃላፊው ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ የቢሯቸውን መጋረጃ አቃንተው ሰቅለዋል። የእኛን ነፍስ ለማዳን የእነሱ ነፍስ መሥዋዕት መሆኗ ያሳዝነናል።

፭ኛ/ እዚህ ላይ ግን ቀልዱን ልተወውና፣ ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ። እትዬ አሁንም በየጠዋቱ ትመጣለች። ወንበሯ ስለተነሣ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች፤ ሥራ ፈትታ እንዳትታይ በግራ እጇ ማግኔት ይዛ ከወለሉ የወደቀ መርፌ ትለቅማለች። ለወትሮው በአንድ ሳቅ ክፍሉን የምታነቃው ሴት ጎንበስ ብላ መርፌ ስትፈልግ ማየት አንጀት ይበላል። ማንም ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም፤ አፍረናል። ክፉ መንፈስ ይህን ክፍል ጎብኝቶት ከሆነ በማስታወቂያ ሰሌዳው በኩል ነው የገባው። የምንጠይቀው ወንበሯ እንዲመለስና እንድትቀመጥበት ብቻ ነው። ቀዳዳዎቿን እንደ ድሮው እኛ እንሰፋለን።

ለዚህ ሁሉ ድካምዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሰይጣንን ከጉርድ፣ ምረቃን ከአምልኮ ሳይለዩ እኛን ለመጠበቅ የሚያሳዩት ትጋት፣ የቤተ ሰብዎንም ልብስ በዚያው ዓይን መርምረው እንዲያድኗቸው ያደርግዎ ዘንድ እመኛለሁ። ዕድሜና ጤና፣ ጥሩ መብራትና ጥሩ መነጽር ይስጥልኝ እያልኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

እስከ ዛሬ ከሰዓት ድረስ የድርጅቱ ሠራተኛ የሆነችው፣
ኮሌታ ሰፊዋ፣
ስለ ራሷና መፈረም ፈርተው የደብዳቤውን መለጠፊያ መርፌ በማቀበል ስለተባበሯት ባልደረቦቿ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ መጽሐፉን ባለፈው ዐርብ ለመጨረሻ ውሳኔ ብለው ራስዎ ወደ ቤት እንደወሰዱት ሾፌርዎ ነግሮናል። እንግዲያውስ በታሪኩ ውስጥ ከጓዳው ግድግዳ ጀርባ የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ ሳያውቁ እንደቀሩ ይገባናል። መጽሐፉ አሮጌ ስለሆነ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ከተገነጠሉ ቆይተዋል፤ እትዬ በሽርጧ ኪስ ይዛቸዋለች። ሰኞ ጠዋት ቢመጡ ታነብልዎታለች፤ እትዬ ግን ቆማ አታነብም።