እጅ ይዘው የሚነግሩ፦ የወ/ሮ እስከዳር ገብረ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ እስከዳር ገብረ ሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ሚካኤል አማረ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ትጓደድ ድረስ ሚያዝያ 23 ቀን 1964 ዓ.ም. በደምበጫ ወረዳ፣ ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ የገጠር ቀበሌ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ የተወለድኩት እኔ ወንድማቸው አምሳሉ ብቻ ስለሆንኩ ይህን ታሪክ የመጻፍ ዕዳ በእኔ ላይ ወድቋል። በቤት አንቺ እያልኩ ያደግኋትን እኅቴን ዛሬ በአደባባይ አንቱ ማለቴ ለወጉ ነው። ይገባቸዋልም።

አባታችን ገበሬ ነበሩ፤ አገር የሚያውቃቸው ግን በድምፃቸው ነው። ሰው ሲሞት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ወጥተው ሕዝቡን ለቀብር የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ከወንዙ ማዶ የሚያርሰው ሰው ሳይቀር በሬዎቹን አቁሞ ያዳምጣቸው ነበር። ሽማግሌዎች ከሐዘንተኛው ቤት ገብተው መርዶውን ሳያረዱ ግን አባታችን ከዚያ ጉብታ ላይ አይወጡም። ወ/ሮ እስከዳር የአባታቸውን ድምፅ በልጅነታቸው ወረሱ። ወጉን የወረሱት ግን ዘግይተው መሆኑን ራሳቸው ሲናገሩት ኖረዋል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በደምበጫ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በደብረ ማርቆስ ተከታትለው በ1982 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም በመምህርነት ሠልጥነው በ1985 ዓ.ም. አምበር ተመደቡና ለአሥራ ሰባት ዓመታት አማርኛ አስተማሩ። ምንባብ ሲያነቡ የጎን ክፍል ተማሪዎች የራሳቸውን መምህር ትተው የእሳቸውን ያዳምጡ ስለነበር፣ አንድ ባልደረባቸው ለርእሰ መምህሩ አቤት ብለውባቸው እንደነበር ዛሬም በአምበር እየተሳቀ ይወራል። በ1989 ዓ.ም. ከግብርና ባለሙያው ከአቶ መሳፍንት ታረቀኝ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ማኅሌትንና ድረስን ወለዱ።

በ2002 ዓ.ም. ባለቤታቸው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲዛወሩ አብረው መጡ። በዚያው ሰሞን በከተማዋ አንድ አነስተኛ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ ተከፍቶ ድምፀ መልካም ሰው ይፈልግ ነበር። ተፈትነው አለፉ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ዘወትር ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ የሕዝብ ማስታወቂያ የሚያነቡት እሳቸው ሆኑ። የማዳበሪያ ማከፋፈያ ቀን፣ የክትባት ዘመቻ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የጠፋ ከብት፣ የቀብር ጥሪ፤ ሁሉም በእሳቸው አንደበት ያልፍ ነበር። በማስታወቂያቸው ዳማ በቅሎው የተገኘችለት አንድ የደምበጫ ሰው በቅሎዋን እየጎተተ ከጣቢያው በር ድረስ መጥቶ፣ «ቀርባ ታመስግን እንጂ!» ብሎ ዘበኛውን አላስቆም አላስቀምጥ ብሎ ነበር። እንዲህ ያለውን ቀን እኅታችን ይወዱት ነበር።

አሁን የምጽፈውን ነገር ከታሪካቸው እንዳላስቀረው አደራ ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። ኅዳር 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ማለዳ ሁለት ወጣቶች አንድ የቀብር ጥሪ ይዘው ወደ ጣቢያው መጡ። ፈንታ የሚባል የአምበር ልጅ፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወርድ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል። ፈንታ ሦስተኛ ክፍል ሳለ ወ/ሮ እስከዳር ያስተማሩት ልጅ ነበር። ለእናቱ ተነግሮ እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ሽማግሌዎች ወደ ቤታቸው ሄደዋል ተባሉ። ቀብሩ በዚያው ዕለት ስለነበር አነበቡት። ሽማግሌዎቹ እውነትም ሄደው ነበር። እናቱ ወ/ሮ ሽታዬ ግን ቀኑ የገበያ ነበርና ጎሕ ሲቀድ ወጥተው ነበር።

በአምበር ገበያ አጠገብ ሱቅ ያላቸው አቶ አብዱልቃኒ፣ ገበያተኛው ማስታወቂያ እንዲሰማ ብለው ሬዲዮአቸውን ከፍ አድርገው ወደ ውጭ ያዞሩት ነበር። ወ/ሮ ሽታዬ የልጃቸውን ሞት የሰሙት ጤፍ እየሰፈሩ፣ ከልጃቸው አስተማሪ አንደበት ነው። ያ ሁሉ ሰው ሲከብባቸው ማንም አልደገፋቸውም፤ የሟቹ እናት እሳቸው መሆናቸው የታወቀው ከወደቁ በኋላ ነውና። አቶ አብዱልቃኒ ሱቃቸውን ዘግተው ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥተው ያዩትን ነገሯቸው። ወ/ሮ እስከዳር ያን ሳምንት ማይክሮፎን ፊት አልቀረቡም።

በሰባተኛው ቀን ሽማግሌ ይዘው አምበር ሄዱና ከወ/ሮ ሽታዬ እግር ላይ ወደቁ። ወ/ሮ ሽታዬ አልተቆጡም፣ አልረገሟቸውም። «ልጄን የወሰደው ፈጣሪ ነው፤ እሱን አልከስም። አንቺ ግን የሚይዘኝ ሰው በሌለበት ነገርሽኝ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ምሕረት ሳያገኙ ተመለሱ። በዓመቱም ሄዱ፤ አልተከፈተላቸውም። በሦስተኛው ዓመት የፈንታ ዝክር ዕለት ከደጅ ቆመው ሳለ ወ/ሮ ሽታዬ ራሳቸው ወጥተው «ፀሐይ ላይ አትቁሚ፤ ግቢ» አሏቸው። ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ ሆነው ኖሩ።

ከዚያ ስሕተት በኋላ እኅታችን ለጣቢያው የቀብር ጥሪ መቀበያ ወረቀት በእጃቸው አዘጋጁ። ወረቀቱ ሦስት መስመር ብቻ ነው ያለው። አንደኛው የሟች ስም፣ ሁለተኛው የቀብሩ ቦታና ሰዓት፣ ሦስተኛው ደግሞ መርዶውን ለቅርብ ዘመድ ያረዳው ሰው ስም ነው። ሦስተኛው መስመር ሳይሞላ ባለሥልጣን ቢመጣ፣ ዘመድ ቢመጣ አያነቡም ነበር። አንብበው ሲጨርሱም ሁልጊዜ «የሰማችሁ ላልሰማው ንገሩ፤ ስትነግሩ ግን እጁን ይዛችሁ ንገሩ» ይሉ ነበር። በዚህ የተነሣ ለቀብር ሳይደርስ የቀረ ሰው ጥቂት አይደለም። እኔ አንዱ ነኝ።

አባታችን ግንቦት 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ማለዳ አረፉ። እኔ በዚያን ጊዜ በደጀን ጋራዥ የመኪና መካኒክ ነበርኩ፤ ስልኬም ከተበላሸ ሳምንቱ ነበር። ጋራዣችን ውስጥ ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። የአባቴ ስም በጧቱ ማስታወቂያ ቢጠራ እሰማ ነበር፤ ለቀብሩም እደርስ ነበር። እኅቴ ግን «ወንድሜ ሳይነገረው የአባቴ ስም በሬዲዮ እንዳይጠራ» ብለው ለጣቢያው ቁርጥ ትእዛዝ ሰጡ። ለአቶ አብዱልቃኒ ደውለው ፈልገው እንዲያገኙኝ ለመኗቸው። እኚህ ደግ ሰው ከአምበር ደጀን መጥተው፣ ጋራዥ ለጋራዥ ሲጠይቁ ውለው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመኪና ሥር አወጡኝ። እጄን ይዘው ከአንድ ወዳጃቸው ቤት አስገቡኝ፤ አስቀመጡኝ፤ ከዚያ ነገሩኝ። አባቴ ከተቀበሩ በኋላ ደረስኩ።

ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ለአገሩ ሁሉ የምትጠሪ፣ ለእኔ ድምፅሽን ነፈግሽኝ» አልኳቸው። ዓመት ከሁለት ወር አኮረፍኳቸው። አሁን ሳስበው እጄን በቆረጠው እላለሁ፤ ያ ዓመት ዛሬ ቢመለስልኝ ምን ባልሰጠሁ!

ኩርፊያዬን የጨረሰው አንድ የጋራዥ ባልደረባዬ ነው። የወንድሙን ሞት በፌስቡክ አየ። ስልኩን እንደያዘ ጎማ ላይ ተቀመጠ። እኛ የደከመው መስሎን እየቀለድንበት አጠገቡ ሥራችንን ቀጠልን። የሆነውን ያወቅነው ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የአቶ አብዱልቃኒ እጅ ትዝ አለኝ። በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ሄጄ የእኅቴን ጉልበት ሳምኩ። እሳቸው የጠየቁኝ ምሳ በልቼ እንደሆነ ብቻ ነው።

ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋና ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ሰው ከሰው የሚገናኘው በዚያች ትንሽ ጣቢያ ነበር። ልጄ ደኅና ገብቷል በሉልኝ፣ እናቴ መድኃኒት አልቆባታል በሉልኝ የሚል ቁራጭ ወረቀት ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ወ/ሮ እስከዳር ሁሉንም ያነቡ ነበር። የቀብሩ ጥሪ ሲበዛ ድምፃቸው ይሰበር ጀመር። የሥራ ባልደረቦቻቸው እንዲያርፉ ቢለምኗቸውም፣ ሦስተኛውን መስመር ማን ይጠይቅልኛል እያሉ እምቢ አሉ።

በ2016 ዓ.ም. የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ሕክምናቸውን ተከታተሉ። ሕመማቸውን ግን ከእናታችን ሸሸጉ። እናታችን አባታችን ካረፉ ወዲህ በደምበጫ ከተማ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሦስት ነው። ሬዲዮአቸው ከአልጋቸው ራስጌ አይጠፋም፤ ጧት ጧት የልጃቸውን ድምፅ ካልሰሙ እህል አይቀምሱም። ለዚህ ሲሉ ወ/ሮ እስከዳር መነሣት ካቃታቸው በኋላ እንኳ፣ ከአልጋቸው ላይ ሆነው በስልክ ያነቡ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ያነበቡት በገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ያነበቡትም የጠፋ በሬ ነበር። በሬው ተገኝቷል።

ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ በተወለዱ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። አቶ መሳፍንት ከትራሳቸው ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኙ። ያው የጣቢያው ወረቀት ነው። በአንደኛው መስመር የራሳቸውን ስም በእጃቸው ጽፈውበታል። በሁለተኛው ቦታውን ጽፈው ሰዓቱን ባዶ ትተውታል። በሦስተኛው መስመር ላይ «ለእናቴ የሚያረዱልኝ ወ/ሮ ሽታዬ ናቸው። አምሳሉም አብሮ ይሂድ» ይላል።

ወ/ሮ ሽታዬ በዚያው ከሰዓት ከአምበር መጡ። እሳቸው ምርኩዛቸውን እንደያዙ፣ እኔና ሁለት ሽማግሌዎች አብረናቸው ሆነን ወደ ደምበጫ ሄድን፤ ከጎረቤት አድረን ዛሬ ሲነጋጋ ከእናታችን ቤት ገባን። እናታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ሬዲዮውን ዘግተው ተቀምጠው ነበር። ወ/ሮ ሽታዬ ከጎናቸው ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ያዙ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ እናታችን፣ «ድምጧ ከቀረ ዐሥራ ስድስት ቀኗ ነው። ስቆጥር ነበር። ሰው መጥቶ እስቲነግረኝ ነው ዝም ያልሁ» አሉ። ወ/ሮ ሽታዬም ነገሯቸው። ሳይለቋቸው ነገሯቸው። ሁለቱ እናቶች አንድ ላይ ሲያለቅሱ እኔ ከደጅ ወጥቼ ለጣቢያው ደወልኩና ሦስተኛው መስመር እንደተሞላ ተናገርኩ።

አንድ ሰዓት ሲሆን እናታችን እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ «አሁን ክፈቱት፤ ስሟን ልስማው» አሉ። ከፈትንላቸው። የልጃቸው የቀብር ጥሪ ተነብቦ እስኪያልቅ የወ/ሮ ሽታዬ እጅ ከእጃቸው አልወጣም።

ወ/ሮ እስከዳር እናታቸውን ወ/ሮ ትጓደድን፣ ባለቤታቸውን አቶ መሳፍንትን፣ ልጆቻቸውን ማኅሌትንና ድረስን፣ አንድ ወንድማቸውን፣ ከማኅሌት የተወለደችውን የልጅ ልጃቸውን፣ እንዲሁም ፊታቸውን ሳያይ በድምፃቸው ብቻ የሚያውቃቸውን ብዙ ሕዝብ ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ወቅት ላልተለዩአቸው ሐኪሞች፣ ለሬዲዮ ጣቢያው ባልደረቦች፣ ከአምበርና ከደጀን ለመጣችሁ ወዳጆች፣ ለአቶ አብዱልቃኒና ለቤተሰባቸው ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ጽሑፉ ዛሬ ረፋድ ላይ በችኮላ የተዘጋጀ ስለሆነ ያልተጠራ ስም ቢኖር ይቅር በሉን።

ላዘነ ሁሉ ሲጠነቀቁ የኖሩትን እኅታችንን አምላከ ምሕረት ነፍሳቸውን በመላእክቱ እጅ ተቀብሎ ከወዳጆቹ ማኅበር ይደምርልን፤ እናታችንንም ያጽናልን። ከዚህ ስንመለስ በየመንገዱ ገና ያልሰማ ወዳጅሽን ብናገኝ፣ ድምፅሽ ለቀረብን ለአንቺ ስንል፣ እስከዳር፣ እጁን ይዘን እንነግረዋለን።