እማ የገፋችው በራድ

መጋቢት 2፣ ቅዳሜ

ዝናብ። አውቶቡስ የማልነዳበት ቀን። የሾፌሮች ማረፊያ ክፍል ያለው በራድ አፉ ተሰብሮ አዲስ ግዛ ተባልኩ። ዲንግሹ ከተማ ተወልዶ በራድ መምረጥ የሚያቅተው የለም ብለው መሰለኝ... ከተማው ሁሉ ሸክላ ሠሪ ነው። አንዲት ነገር የማላውቅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በራድ ሻጯ ዪን ገበያ ላይ ሸራ ዘርግታ ከምትሸጣቸው ርካሹን አነሳሁ። "ወንድሜ ሃንግ፣ ንጹህ ሐምራዊ አፈር ነው፤ ቀለም ያልነካው፣ ከተራራው የወጣ" አለችኝ። አመንኳት።

ቤት ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እማ በግራ እጇ ወደ ራሷ ሳበችው። ክዳኑን አነሳች። ጣቷን ከታ ውስጡን ዙሪያውን አሸችው። አሸተተችው። ከዚያ ገፋችው።

ስትሮክ ከመታት አራት ወሯ። አንድ ቃል አልወጣትም። ለማንኪያ እንኳ እጇን አትዘረጋም። ለዚህ ዘረጋች?

መጋቢት 3፣ እሑድ

"እማ፣ ምኑን ጠላሽው?" አልኳት። መስኮቱን ታያለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት በራድ ፋብሪካ ውስጥ አፈር በወንፊት ነፍታለች፣ አቡክታለች። እዚያ ምን ስትሠራ እንደምትውል አንድ ቀን አልጠየቅኳት። አቧራ የጠጣ ሸሚዟን ለብሳ ትምህርት ቤት በር ላይ ስትጠብቀኝ በሌላ በር እወጣ ነበር... አሁን ልጠይቅ ብል ማን ይመልስልኛል?

መጋቢት 6፣ ረቡዕ

የፈላ ውሃ ሞላሁበት። የጫማ ቀለም ሸተተ። ለካ እማ ያወቀችው ይኼን ነው።

መጋቢት 9፣ ቅዳሜ

ዪን ጋ ተመለስኩ። ልጣላት አልነበረም። ካለሽ ሁሉ የማይመሳሰሉ ሦስት ርካሽ በራዶች ስጪኝ አልኳት።

"የመጀመሪያው ምን ሆነ?"

"እናቴ አልወደደችውም።"

"መናገር አትችልም አልተባለም እንዴ?"

"ገፋችው።"

ሳቀች። "እንግዲያው እሷን ወደዚህ እንዳታመጣብኝ" አለች፤ ግን እየመረጠች ሰጠችኝ።

እማ ሁለቱን ገፋች። ሦስተኛውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አልሰጥም አለች። ያውም ጠማማ፣ ክዳኑ የማይገጥም! በማጉያ መነጽር አየሁት። አሸዋ የመሰሉ ቢጫ ፍሬዎች... ጥቃቅን ቀዳዳዎች... የተገፉት ደግሞ ልሙጥ፣ አንድ ዓይነት ቀለም፣ እንደ ፕላስቲክ ባልዲ። አንደኛው ውስጡ ላይ የቅርጽ ማውጫ መጋጠሚያ መስመር አለው፤ ጭቃው ቀጥኖ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ የፈሰሰ ነው ማለት ነው። ሠሪው ጠማማ አድርጎት አፈሩ ግን ደህና ሊሆን ይችላል ለካ። ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው። ይኼን እስከዛሬ አላውቅም ነበር?

እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

መጋቢት 14፣ ሐሙስ

የምሳ እረፍቴን አሁን ከተዘጋው የእማ ፋብሪካ ጀርባ ስብርባሪ ስለቅም አሳለፍኩ። ስብርባሪ ይሻላል፤ የአፈሩን ሆድ ያሳያል። ኪሴን ሞልቼ ነዳሁ። አንድ ተሳፋሪ "ሾፌር፣ ምንድነው የሚንኳኳው? ሞተሩ ነው?" አለኝ። "ኪሴ ነው" አልኩት።

ሚስቴ ሜይጂንግ ተቆጣች። "ያገባሁት ሾፌር ነበር፤ ቤቴን የሸክላ መጣያ አደረግኸው።" ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "እማ ግን ዛሬ ገንፎዋን ጨርሳለች። ስብርባሪውን በማይታዘዛት ቀኝ እጇ ልትይዝ ሞከረች" አለችኝ።

ሸክላው እማን እያነቃቃት እንደሆነ ሚስቴም ገብቷታል።

መጋቢት 17፣ እሑድ

ዛሬውኑ ልጻፈው።

አንድ ሾፌር ነው የነገረኝ። ክዳኑን በቀስታ ምታው፣ ጥርት ብሎ ከጮኸ እውነተኛው፣ ውዱ ቀይ አፈር ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ከገዛኋቸው መሃል አንዷ ቀጭን ቀይ በራድ እንደ ደወል ትጮሃለች። እማ ፊት ተቀምጬ መታሁላት። ኩራቴ!

"ስሚው እማ፤ ይኼ ቀዩ አፈር ነው። እርግጠኛ ነኝ።"

በራዱን ሳይሆን እኔን አየችኝ። ድሮ የቤት ሥራዬን ሳበላሽ እንደምታየኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

"አይ... ደለም።"

ሜይጂንግ ከኩሽና ድስት እንደያዘች መጣች። የሰማሁትን ማመን ስላቃተኝ ደገምኩ። "ቀዩ አፈር አይደለም?"

"አይደለም። ቀለም።"

ይጮሃል እኮ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ጣቷን ወደ ምድጃው ቀሰረች። እሳት... በደንብ ከተቃጠለ ማንኛውም አፈር ይጮሃል ማለቷ ነው! ተሳሳትኩ። ተሳስቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሜይጂንግ ድስቱን እንደያዘች አለቀሰች።

መጋቢት 18፣ ሰኞ

ሐኪሟ "የምትወደውን ሥራ ስጧት፣ አትጨቅጭቋት" አሉ። ጨቅጫቂዋ እሷ መሆኗን አላወቁም።

መጋቢት 23፣ ቅዳሜ

እማን በተሽከርካሪ ወንበር ገበያ ወሰድኳት። ዪን ከሩቅ አይታን ሦስት በራዶች ሸራዋ ስር ሸጎጠች፤ አይቻታለሁ። እማ ግን አልተቆጣችም። በራዶቹን አንድ በአንድ እያነሳች፣ "ቀለም... የፈሰሰ... ደህና... ደህና..." ሰው ከበበን። "እማማ፣ ገበያዬን ዘጉት" አለች ዪን፤ ያም ሆኖ 'ደህና' የተባሉትን ለይታ ፊት ለፊት ደረደረች። ቀድመው ተሸጡ።

አንድ ቢጫ በራድ ገዛን። ጥቁር ነጠብጣብ አለው።

መጋቢት 24፣ እሑድ

ከቁርስ ጀምሮ ተጣልተናል። እኔና እማ! ነጠብጣቡ በኋላ የተጨመረ ነው ብዬ ተከራከርኩ። እሷ ደግሞ፣ "ከተራራው... እንዲሁ ወጣ።"

"በምን አወቅሽ?"

ማጉያውን ወደ እኔ ገፋች። "እኩል... ነው?"

አየሁ። አይደለም። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ጠልቆ የገባ።

"የተጨመረ..." አለች፤ ላብ አጠመቃት፤ ልረዳት ስል በእጇ ከለከለችኝ። "የተጨመረ ቢሆን... እነፋው ነበር። የነፋሁት... እኩል ነው።"

ሠላሳ አንድ ዓመት ወንፊት የያዘ እጅ ነው። ቢሆንም እጅ አልሰጠሁም፤ ሌላ ፋብሪካ የተሠራ ቢሆንስ አልኳት። ወሬው እንዳያልቅ ብዬ ነው። ገብቷታል መሰለኝ፣ ፈገግ አለች።

ደብተሬን ይዤ ወደ መኝታ ቤት ሸሸሁ። ይኸው ትጣራለች። "ና... አልጨረስንም።"